ከባሕር የወጣችው የስፌት መኪና

ኮምቦልቻ ወደብ ሆነች ሲሉኝ ሳቅሁ። ደረቅ ወደብ ነው አሉኝ። ደረቅ ዳቦ አውቃለሁ፣ ስለ ደረቅ ቼክ ሰምቻለሁ፣ ደረቅ ሰው ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመምህራን ማረፊያ ክፍል አጠገቤ ተቀምጧል፤ ደረቅ ወደብ ግን ምን ዓይነት ፍጥረት ነው? ባለፈው ሰሞን ለቅሶ ልደርስ ከደሴ በሚኒባስ ተሳፍሬ ሐረጎን እየተጠማዘዝን ስንወርድ ሾፌሩ በጣቱ አሳየኝ። እውነትም ኮንቴይነሩ እንደ ጡብ ተደርድሯል። ባሕር ጎደለ እንጂ ሌላው ሁሉ ተሟልቷል። ጋሽ ዓሊ በሕይወት ቢኖሩ ይህን አይተው፣ “ታዲያ የሰጠመ እንደሆን የት ብለው ነው የሚፈልጉት?” እንደሚሉ ትዝ ብሎኝ ለብቻዬ ስስቅ፣ አጠገቤ የነበረችው ልጅ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ለቅሶ እየሄደ የሚስቅ ሽማግሌ ማን ያምናል።

ጋሽ ዓሊ ማን እንደሆኑ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ የሱሪዬን ጉዳይ ልጨርስ። አዲስ አበባ ያለው ልጄ በየዓመቱ ሱሪ ይልክልኛል። አላህ ይስጠው፣ ግን የሚልከው ልጅ ሆኖ ባየኝ ቁመት ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ወደ መሬት እየቀረብኩ ነው። ከለቅሶው ቤት ስወጣ የሱሪዬን ጫፍ ረግጬ ልደፋ ለጥቂት ተረፍኩ፤ አንዱ ሐዘን ሁለት ሊሆን። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት አየሁና ገባሁ። ገና ደጃፉ ላይ ሽታው ያዘኝ፤ የመኪና ዘይት፣ የጋለ ካውያ፣ እርጥብ ጨርቅ። ቀጥሎ ድምፁ መጣ፣ ቀጥሎም መኪናዋ ራሷ። በእግር የምትረገጥ፣ ጥቁር፣ ክንዷ ላይ በወርቅ ቀለም አበባ የተሳለባት ናት። ግማሹ አበባ በእጅ ብዛት ተፍቆ ጠፍቷል፤ የተረፈው ግማሽ አምስት ቅጠል አለው። ያንን አምስት ቅጠል አውቀዋለሁ። ስለዚያች መኪና ሸንጎ ፊት ቆሜ መስክሬያለሁ፤ አመሰካከሬ ግን የሚያኮራ አልነበረም።

መኪናዋ ላይ የተቀመጠችው ሻሽ ያሰረች፣ ሃምሳውን ያለፈች ሴት ቀና ብላ አየችኝ። “መምህር ይመር አይደሉም እንዴ?” አለች። ዘሀራ ናት፣ የጋሽ ዓሊ ልጅ። ከደሴ ተድራ ኮምቦልቻ መውረዷን ሰምቼ ነበር፤ መኪናዋን ይዛ መውረዷን ግን አልሰማሁም። ሰላምታው ካለቀ በኋላ፣ ያም በወሎ አነጋገር ቀላል ጊዜ አይወስድም፣ ሱሪዬን አየችና፣ “አብሽሩ፣ አሁኑኑ አሳጥርልዎታለሁ። ያውልቁና ይችን ያገልድሙ” ብላ የባሏን ሽርጥ ሰጠችኝ። ከመጋረጃው ኋላ ገብቼ ሱሪዬን አውልቄ፣ ሽርጡን አገልድሜ ወጣሁ። እንግዲህ ሰባን ሊነካ በደረሰ ዕድሜዬ፣ በዚያ የኮምቦልቻ ሙቀት፣ በሰው ሽርጥ፣ ከመኪናዋ አጠገብ ባለች ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ወደ ኋላ የሄድኩት።

ያን ጊዜ ዘመኑ የጓድ ዘመን ነበር። ሊቀመንበሩ ጓድ፣ ዘበኛው ጓድ፣ ባለዕዳውም አበዳሪውም ጓድ፤ ጓድ ያልተባለች የቀበሌው ሱቅ ድመት ብቻ ነበረች። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ አሥር ሳንቲም ነው። ደሴ ፒያሳ ላይ የምናዘወትረው ሻይ ቤት ቴፑ ክር ይበላ ስለነበር ባለቤቱ ካሴቱን በእርሳስ እያጠነጠነ ነበር የሚያዘፍንልን፤ በባቲ የተጀመረ ዘፈን መሐል ላይ ይጎተትና በአምባሰል ያልቃል። አንዳችንም ቅር አይለንም፣ ሁለት ዘፈን በአንድ ሻይ ነው። ሌላው ሰው ካኪ ይለብሳል። እኔ ግን ገና ጀማሪ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ አፍሮዬን አበጥሬ፣ ኮሌታዬን ትከሻዬ ላይ ዘርግቼ፣ ቤልቦተም ለብሼ ነበር የምሄደው። አዲስ አበባ ቤልቦተምን ከተወው ቆይቷል ይባል ነበር፤ ወሬው የጦሳን ተራራ ተሻግሮ እኛ ዘንድ አልደረሰም።

ሱሪውን የሰፉልኝ ጋሽ ዓሊ ናቸው። አባታቸው የመናዊ፣ እናታቸው የወረባቦ ሴት ነበሩ። ሱቃቸው ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር፣ ከሕዝቡ ቧንቧ ፊት ለፊት ነው። ሰውየው ፊታቸው ቀጭን፣ እግራቸው ቀጭን፣ ደረታቸው ግን የሌላ ሰው ነበር፤ ለራሳቸው ሸሚዝ ሲሰፉ አንድ ክንድ ጨርቅ ይጨምራሉ። ወገቤን ለክተው፣ “ስንት ልልቀቅልህ?” አሉኝ።

“ጠበቅ ይበል፣ ጋሽ ዓሊ።”

“ይሄማ መጥበቅ አይደለም፣ መታነቅ ነው። በዚህ ሱሪ አይሰገድበትም፣ አይጎነበስበትም። ዕቃ የወደቀብህ እንደሆን ትተኸው ነው የምትሄድ።”

“ግድ የለም።”

“እንግዲህ ሰው በገዛ ወገቡ ሲፈርድ እኔ ምን አገባኝ” ብለው ሰፉልኝ። እውነትም አማረብኝ። ቁጭ ማለት ብቻ ነው የቸገረኝ።

በየእሑዱ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ የውይይት ክበብ ነበር። መቅረት አይቻልም፤ የቀረ ሰው ስኳሩ ይቀርበታል። አንድ ሳምንት ተናጋሪው ታመመና ሊቀመንበሩ ጓድ በላይ፣ “መምህር፣ አንድ ትምህርታዊ ነገር በሉን” አለኝ። ከጥቂት ቀናት በፊት በሬዲዮ የሰማሁት ነገር ሆዴ ውስጥ ሲንተከተክ ነበር። ያች በጥንት ጊዜ ከበረዶ ተራራ ጋር ተላትማ ከነሰዎቿ የሰጠመችው ትልቅ መርከብ ከውቅያኖስ ወለል ላይ ተገኘች የሚል ዜና ነው። ባሕር አይቼ አላውቅም። የማውቀው ትልቁ ውሃ ሐይቅ ነው፤ ባሕር ለእኔ በካርታ ላይ ያለ ሰማያዊ ቀለም ነበር። ግን ያላየውን ነገር እንደ ጂኦግራፊ መምህር አስፍቶ የሚያወራ የለም።

ተነስቼ ጀመርኩ። በመጀመሪያ ሰዎች ትልቅ ደወል ደፍተው ወደ ውሃ ያወርዱ ነበር አልኩ፤ ብርጭቆ ደፍታችሁ ሳፋ ውስጥ ብትጫኑት ውስጡ አየር እንደሚቀር ሁሉ፣ ጠላቂውም ያንን አየር እየተነፈሰ ይሠራል። ቀጥሎ የመዳብ ቆብ መጣ፤ ጠላቂው ቆቡን ደፍቶ፣ በቱቦ ተያይዞ ይወርዳል፣ ከላይ ያለው ሰው እንደ አንጥረኛ ወናፍ አየር ይነፋለታል። “ከላይ ያለው ቢያኮርፍስ?” አለ አንዱ። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ ሁለት ሰው ተጣጥፎ የሚገባበት የብረት ኳስ በገመድ ወረደ፤ ከዚያ ገመድ የማያስፈልገው ባሕር ሰርጓጅ መርከብ መጣ፤ ከዚያም ጦሳን ሦስት ጊዜ ብትደራርቡት ጫፉ ብቅ ከማይልበት ገደል ድረስ ሰው ወርዶ ተመለሰ አልኩ። ያችን የሰጠመች ትልቅ መርከብ ደግሞ ያገኟት በረጅም ገመድ ካሜራ እየጎተቱ፣ ጨለማውን ፎቶ እያነሱ ነው። ሰዉ ጸጥ አለ። እኔም በዚያ ጸጥታ ሰከርኩና ማለት የሌለብኝን ጨመርኩ። “ስለዚህ ጓዶች፣ ያለ ቱቦ፣ ያለ መሣሪያ፣ የሰው ልጅ ከሦስት ሰው ቁመት በታች ሊወርድ አይችልም።”

ከኋላ ጋሽ ዓሊ እጃቸውን አወጡ። “መምህር፣ ይቅርታህን። ይወረዳል። ድንጋይ እጅህ ላይ፣ ገመድ ወገብህ ላይ። እኔ አሰብ ከአጎቶቼ ዘንድ ሳድግ ሉል ስንለቅም አሥር ሰው ቁመት እወርድ ነበር።”

ሰዉ ሳቀ። የሳቁት በእሳቸው ነበር፤ እኔ ግን በእኔ የሳቁ መሰለኝ። ደሜ ፈላ። ለመበቀል ብዬ፣ “ጋሽ ዓሊ፣ እንዲያ ከሆነማ ያችን የስፌት መኪናዎንም ከባሕር ነዋ ያወጧት” አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

ጋሽ ዓሊ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። “አዎ። ማን ነገረህ?” አሉ።

ከዚያም ተረኩት። የአጎታቸው ጀልባ፣ ሳንቡቅ ይሏታል፣ ከአሰብ ራቅ ብላ ስትሄድ የባሕር ድንጋይ መትቶ ያሰጠማት የጭነት መርከብ ላይ ደረሰች። ጋሽ ዓሊ ወረዱ። መርከቧ በጎኗ ተኝታ፣ በሆዷ ውስጥ የስፌት መኪና የሞላባቸው ሣጥኖች ተደርድረው አገኙ። “ዓሣው በመካከላቸው ሲመላለስ ደንበኛ ነው የሚመስል” አሉ። ስንትና ስንት ቀን ለፍተው ጥቂቱን በገመድ አወጡ፤ የክረምቱ ሉል መና ስለቀረ አጎታቸው በደመወዛቸው ፈንታ አንዷን ሰጧቸው። እሷን ተሸክመው ነው ደሴ የወጡት፤ እግሯን እዚያው አናጢና ብየዳ ቤት አሠሩላት። ሰዉ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ እኔም አብሬ።

አሁን ስለ ጸሐፊው ልንገራችሁ። ጓድ ሞላ ይባላል። እጁ ፈጣን፣ አንድ ጆሮው ደካማ ነው፤ ደህናው ጆሮ ደግሞ ውሃ ቀጂዎቹ በሚጨቃጨቁበት መስኮት በኩል ነበር። እኔ በዚያች ጠዋት “ሰርጓጅ” የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንዳነሳሁት አላውቅም። ጓድ ሞላ ደግሞ በሕይወቱ ሰርጓጅ የሚል ቃል ጽፎ አያውቅም፤ በየሳምንቱ የሚጽፈው “ሰርጎ ገብ” የሚለውን ነው። ለዛሬ ልጆች ልተርጉም፤ ሰርጎ ገብ ማለት ያን ጊዜ ወዳጅ መስሎ በመካከላችን የገባ ጠላት ነው። ከስሙ ጎን ያ ቃል የተጻፈበት ሰው በማግስቱ ሥራው ቦታ ላይገኝ ይችላል። የጓድ ሞላ እጅ የለመደውን ጻፈ፤ “ጓድ ዓሊ ሳልህ የስፌት መኪናቸውን በሰርጎ ገብ መርከብ ከባሕር ማዶ እንዳስገቡ በሙሉ ፈቃዳቸው አምነዋል።”

ማክሰኞ ዕለት ሁለት ጥበቃዎች መጥተው መኪናዋን ከነእግሯ ተሸክመው ወሰዱ፤ ቀበሌው መጋዘን ውስጥ በሰም ታሸገች። በሚቀጥለው እሑድ ፍርድ ሸንጎ ይታያል ተባለ። ወሬውን ስሰማ ሳቁ ሁሉ ከሆዴ ወጣ። ያች መኪና ስምንት ነፍስ ታበላ ነበር። ሮጬ ሱቃቸው ሄድኩ። ጋሽ ዓሊ ባዶው ቦታ ላይ ተቀምጠው የሰው ኮት በእጅ መርፌ ይጠቅማሉ።

“ጋሽ ዓሊ፣ የኔ ጥፋት ነው። እሑድ ቀን ‘ወላሂ’ ብለው ይማሉላቸውና ይለቀቁ።”

“ለብረት ወላሂ አልልም። ቃሌ አልበቃ ካለ የአላህ ስም ምን በወጣው።”

“ግን እውነቱን ለኔ ይንገሩኝ። ብረት እኮ በጨው ውሃ ይበላል። ሁለት ወር አይቆይም።”

“ግራሶ ተለቅልቃ፣ በቆርቆሮ በተለበደ ሣጥን ውስጥ ነበረች። የሣጥኑ አንድ ጎን ነው የተሰበረ።”

“ይሁን። እውነት ከባሕር ነው ያወጧት?”

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና፣ “ሆዷ ያውቃል” አሉኝ።

ይህን ንግግር የማያውቅ አበሻ የለም። ሆድ ያውቃል የሚባለው ሰው እውነቱን በልቡ ይዞ መናገር ሳይፈልግ ሲቀር ነው። እኔም እንደዚያው ተረዳሁት። እንደ ዋሹ ቆጠርኩት፤ አላመንኳቸውም። ግልጹን ልናገር፣ ከጥፋቴ ለመዳን እንጂ እሳቸውን አምኜ አልነበረም ለምስክርነት የተዘጋጀሁት።

እሑድ አዳራሹ ሞላ፤ ስኳር ያልፈለገው እንኳ መጥቷል። ጓድ በላይ ቃለ ጉባኤውን አነበበና ወደኔ ዞረ። ስህተቱ የቃል ነው፣ እኔ ያልኩት ሰርጓጅ ነው አልኩ።

“በሰርጓጅና በሰርጎ ገብ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?” አለ።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰርጓጅ ውሃ ውስጥ ነው የሚገባው።”

“ሰርጎ ገብስ?”

“እሱ... እኛ ውስጥ።”

“ስለዚህ ሁለቱም ይገባሉ።”

“ይገባሉ። ሰርጓጁ ግን ይወጣል።”

ጓድ በላይ ይህን ጥቂት አሰበበት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወረቀት የሚፈራ ሰው ነበር። “መልካም። ሰርጎ ገቡ ይሰረዝ” አለ። ጋሽ ዓሊ የዳኑ መስሎኝ ስተነፍስ ቀጠለ። “ሰርጎ ገብ ካልሆነ መኪናዋ ከየት መጣች? ከባሕር ወለል ያሉት ውሸት ከሆነ ሸንጎን መዋሸት ነው፤ መኪናዋ ለልብስ ሰፊዎች ማኅበር ትሰጣለች። መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። ያምኗቸዋል?”

ጋሽ ዓሊ አንገታቸውን አዙረው አዩኝ። አምናለሁ ብል አዳራሹ ይስቅብኛል፤ አላምንም ብል ስምንት ነፍስ ጦሙን ያድራል። አፌን ከፍቼ፣ “ሳይንስ... አይከለክልም” አልኩ።

ጋሽ ዓሊ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሱ። ያ አነሳስ እስከ ዛሬ ያመኛል። ሊቀመንበሩ እሳቸውን ሲጠይቃቸው ያንኑ አሉ፤ “ሆዷ ያውቃል።” ጓድ ሞላም፣ “እውነቱን እግዜር ያውቃል ብለዋል” ብሎ ጻፈ።

“እንግዲያስ በተግባር ይታይ” አለ ጓድ በላይ። ግቢው ውስጥ “ለእሳት አደጋ” የሚል የተጻፈበት በርሜል ነበር፤ ውሃ አይቶ አያውቅም። ጋሽ ዓሊ ጭንቅላታቸውን እዚያ ውስጥ ነክረው ትንፋሻቸው ይለካል ተባለ። በርሜሉን ለመሙላት ከቧንቧው ሰልፍ ላይ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን እንዲያዋጡ ታዘዙ። “ከጎህ ጀምሬ የተሰለፍኩበት ውሃ የሽማግሌ ጢም ሊነከርበት ነው?” አለች አንዷ። ቢሆንም ገለበጡ፤ ትርኢቱን ማንም ማጣት አልፈለገም። ሰዓት ያለው ሊቀመንበሩ ብቻ ነው፤ እሱም ካልነቀነቁት የማይሄድ ሰዓት ነበር። ስለዚህ፣ “የስብሰባ መክፈቻዬን እላለሁ። እስኪያልቅ ከቆዩ ታምነዋል” አለ። ሁላችንም አቃሰትን። ያ መክፈቻ የጠላቶችን ስም በሙሉ በተርታ የሚጠራ ነው፤ ውሃ ሳይገቡም ትንፋሽ ያሳጥራል።

ጋሽ ዓሊ ኮታቸውን አውልቀው አጣጥፈው ሰጡኝ። ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተነፈሱ፣ ያ የሌላ ሰው የሚመስለው ደረት ተነፋ፣ “ቢስሚላህ” ብለው ገቡ።

ጓድ በላይ ጀመረ። ፊውዳሉን ጠራ፤ ጸጥ። ኢምፔሪያሊስቱን ጠራ፤ ጸጥ። አድኃሪውን ከነዘር ማንዘሩ ጠራ፤ አንዲት አረፋ ብቅ አለች። ለማስረዘም ብሎ ሳይሆን አይቀርም ማንም ሰምቷቸው የማያውቃቸውን ጠላቶች ጨመረ። ድምፁ ይሰነጣጠቅ ጀመር። “ሰርጎ ገቦች” ሲል ሁሉም ሰው በርሜሉን አየ፤ አረፋውም ቆሟል። አንድ ሽማግሌ፣ “ኢና ሊላሂ” አሉ። ሊቀመንበሩ ማሳል ያዘው፣ ሳሉ አልቆም አለው፣ መክፈቻው ተቋረጠ፤ በርሜሉ ግን እንደዚያው ነው። ገደልኳቸው አልኩ በልቤ። በቀልዴ ሰው ገደልኩ። ዘልዬ ሄድኩና ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ኮሌታቸውን ያዝኩ። በዚያች ቅጽበት ከኋላዬ ሸራ ሲቀደድ የሚሰማ ድምፅ ተሰማ። ቤልቦተሜ ከወገቤ እስከ ጉልበቴ ተተርትሯል።

ጋሽ ዓሊ ውሃ እያንጠባጠቡ ወጡ፤ ተቆጥተዋል። “ምን ሆንክ? ገና መርከቡ ጋ አልደረስኩም” አሉኝ። ከዚያ ሰዉ ለምን እንደሚስቅ ዞር ብለው አዩ፤ ሱሪዬንም አዩ። “ብዬህ ነበር” አሉ።

ሊቀመንበሩ ድምፁ ስለጠፋ በእጁ ምልክት ፈረደ፤ መኪናዋ ትመለስ። ጓድ ሞላ የጻፈውን በኋላ አንብቤዋለሁ፤ “ጓድ ዓሊ በርሜሉ ውስጥ ሰርገው ገብተው በጓድ መምህሩ ሱሪ መሥዋዕትነት በሰላም ወጥተዋል” ይላል። ሴቶቹ ውሃቸውን መልሰው ቀዱ። ያች ሰልፍ ላይ ጎህ የቀደደባት ሴት፣ “ወጥ እሠራበታለሁ፤ የባሕር ሰው ገብቶበታልና ጨው አይፈልግም” ብላ ሄደች።

መኪናዋ ስትመለስ መጀመሪያ የሰፋችው የእኔን ሱሪ ነው። ያለ ዋጋ። ከዚያ በኋላ ሱቃቸው መዋል ልማዴ ሆነ፤ ጸጸትም አለበት፣ ጥርጣሬም አለበት። በትንፋሻቸው አመንኩ። በመኪናዋ ግን አላመንኩም፤ በርሜል ውስጥ መቆየት ሌላ፣ የስፌት መኪና ከባሕር ማውጣት ሌላ ነው እል ነበር። መጠየቄን አልተውኩም፣ እሳቸውም “ሆዷ ያውቃል” ማለታቸውን አልተዉም። ደግሞ በዚያ ሰሞን ዓይናቸው ሳይደክም አልቀረም፤ እኔ በተቀመጥኩ ቁጥር መርፌ ይወድቅባቸው ጀመር። “መምህር፣ መርፌዬ ከመኪናዋ ሥር ወደቀች። ዓይንህ ደህና ነው፣ እስቲ ጎንበስ ብለህ ፈልግልኝ” ይሉኛል። እኔ? ሁለተኛ ልጎነበስ? አንድ ጊዜ በሕዝብ ፊት የተቀደደ ሰው ልቡ አይሰፋም። “ጋሽ ዓሊ፣ ሱሪው” እላቸዋለሁ። እሳቸውም፣ “እሱስ ልክ ነህ” ብለው ሌላ መርፌ ከመርፌ መሰኪያው ያነሳሉ። እንዲህ ስንባባል ስንት ወር አለፈ።

ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሬ ልሰናበታቸው ስሄድ ለመጨረሻ ጊዜ ለመንኳቸው። “እውነቱን ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም” አልኩ።

መርገጣቸውን አቁመው አዩኝ። “ገዝቻት ነው ብልህ ትተኛለህ?”

“እተኛለሁ።”

“በቃ፣ ገዝቻት ነው። አላህ በሰላም ያግባህ።”

ተኛሁ። እንዲያውም ከመተኛትም አልፌ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ለስንት ዓመት ይህን ታሪክ ሳወራ መጨረሻው ላይ፣ “ሰውየው ግን በኋላ ገዝቻት ነው ብለው ለእኔ አምነውልኛል” እል ነበር። ሁሉም ይስቃል። መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከወር በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ሳስብ ዘሀራ የሱሪዬን አንድ እግር ጨርሳ ሁለተኛውን ጀምራለች። ድንገት ተንጠራርታ መቀስ ስታነሳ ክንዷ መርፌ መሰኪያውን መታና መሬት ጣለችው። “ኧረ ውይ” አለች፣ “ሠላሳ መርፌ ተበተነ።” ልትነሳ ስትል፣ “ተይ፣ እኔ አለሁ” አልኳት። ጉልበቴ እየተንቋቋ ተንበረከክሁ። ሽርጥ ሰፊ ነው፤ ምንም የሚቀደድ ነገር የለም። ጭንቅላቴን ከጠረጴዛው ሥር አስገብቼ መርፌ እየለቀምኩ ቀና ስል፣ የመኪናዋን የታች ጎን አየሁ።

የስፌት መኪና ከላይ ጥቁርና የተወለወለ ነው፤ ከሥር ግን ጠረጴዛው ተቆርጦ ስለሚከፈት ብረቱና ጥርሱ ሁሉ ይታያል። እዚያ፣ ግራሶው ሳይደርስበት በቀረው ማዕዘን ላይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ አራት ነጫጭ ዛጎሎች ተጣብቀዋል። ክብ ናቸው፣ ጫፋቸው ላይ ቀዳዳ አለ። በጣቴ ነካሁ፤ አይነቃነቁም። የዚህን ፍጥረት ሥዕል ለስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስያለሁ። በባሕር ውስጥ ድንጋይና መርከብ ላይ ይጣበቃል፣ ከባሕር ውጭ በየትም አይበቅልም እያልኩ ፈተና አውጥቼበታለሁ። ሸንጎው ተሰብስቦ፣ በርሜል ሞልቶ፣ ሰው ሊሞት ደርሶ፣ መኪናዋን ገልብጦ ያየ አንድ ሰው አልነበረም። ሆዷ ያውቃል ብለው ነበር። ሆዷን ነበር ያሉት።

“አጡት እንዴ?” አለች ዘሀራ ከላይ።

“ዘሀራ፣ ይሄ ሥሯ ላይ ያለው ነገር...”

“ዛጎሉን ነው? እሱማ ድሮም አለ። ልፋቀው ስል አባባ ይቆጣኝ ነበር። ‘ተይው፣ ባለቤቱ ገና አላየውም’ ይለኝ ነበር። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳይነግረኝ ሞተ።”

“አምናለሁ” አልኩ ቀስ ብዬ፣ ለመኪናዋ ሆድ። አርባ ዓመት ዘግይቷል፤ የምነግረው ሰውም የለም። ዘሀራ ያልኩትን አልሰማችም። ከወለሉ ላይ ተነስቼ ዱካዬ ላይ ስቀመጥ ዓይኔ እንዳያስታውቅብኝ መርፌዎቹን አንድ በአንድ መሰኪያው ላይ መሰካት ጀመርኩ።

“አባትሽም እንዳንቺው ነበሩ” አልኳት ወሬ ለመቀየር። “እኔ ባለሁበት ሁሉ መርፌ ይወድቅባቸው ነበር። ጎንበስ ብለህ ፈልግልኝ እያሉ ያስቸግሩኝ ነበር።”

እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች። መኪናዋም ዝም አለች።

“አባባ?” አለችኝ። “አባባ እኮ በሕይወቱ መርፌ ጥሎ አያውቅም።”